ቆርቆሮ ላይ የዋለው ጠበል

ይድረስ መተማ ለሚኖሩት ታላቅ እህቴ ለእትዬ ዓለምጸሃይ፤

እትዬ፣ ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ካሳደርኩት እንደ ልማዴ እውጠዋለሁ። ባለቤቴ ትብለጽ ታማ ሳለች እዚያ እናንተ ዘንድ ካለው ገዳም ተሸክመው ያመጡላትን ጠበል ደፍቼዋለሁ። እስክትሞት የጠጣችው የቧንቧ ውሃ ነው። እርስዎ «በሰላም የሸኛት ጠበሉ ነው» ሲሉ ይህን ሁሉ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ ተሻለው? ሙቀቱ ጋብ አለልዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ ሰዉ ከተበተነ ወዲህ፣ ከድሮ ጎረቤቶች የቀረችኝ የሺዓለም ብቻ ናት።

ጀሪካኑን ሲሰጡኝ፣ ፀሐይ ፕላስቲክ ይበላል፣ እንደ መተማ ሰው እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ብለውኝ ነበር። እዚህ ብርድ እንጂ ምን ሙቀት አለ ብዬ ናቅኩት። ታኅሣሥ ላይ ጠበሉ በረዶ ሆኖ ጥርሷን አንገበገባት። ጠበል እሳት ላይ አይጣድም፤ ስለዚህ ፀሐይ እንዲያሞቀው ጣሪያው ላይ አወጣው ጀመር። ማታ ማውረዱ ሲታክተኝ ውርጩ ላይ አሳድረዋለሁ። አንድ ቀን ጧት እጀታውን ይዤ ብድግ ሳደርገው ቂጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ። ጠበሉ በአሸንዳው ወርዶ ቦይ ገባ።

ሌላ ጀሪካን ከቧንቧ ሞላሁና በስመ አብ ብዬ ቀዳሁላት። ጠጥታ «ተመስገን» አለች። እንጦጦ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ ሄጄ መቅዳት አቃተኝ? አላቃተኝም። የፊተኛው ምን ሆነ ብላ እንዳትጠይቀኝ፣ ስንፍናዬን እንዳታይብኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

አሁን የሺዓለም አልጋ ይዛለች። ባለፈው በስልክ «ያንኑ ጠበል ይዤላት እመጣለሁ» ሲሉኝ፣ በዚያ ጉልበትዎ፣ በኔ ውሸት ያን ሁሉ መንገድ ሊመጡ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሄጄ ለየሺዓለም ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ «እና ለኔ ደግሞ የየትኛውን ሰፈር ቧንቧ ልታጠጣኝ ነው?» አለችኝ። ቆይታ ዕንባዋ መጣ። ለካ ትብለጽ ያኔውኑ አውቃ ለሷ ነግራት ኖሯል። «ውሃው በረኪና በረኪና ይላል። እንዳትነግሪው አደራ፤ ጣሪያ ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ ያፍራል» ብላት ነበር። እትዬ፣ እኔ ደበቅኳት ስል እሷ ለኔ ደብቃ ሞተች። ከሁሉ ይህ ከበደኝ።

ስለዚህ እርስዎ አይድከሙ። ልጅዎን ራጉኤልን ይሳሙልኝ፤ ለባለቤቱ ለጸሎት ሰላም ይበሉልኝ፤ ትንሹንም ልጃቸውን አገላብጠው ይሳሙልኝ። እኔንም ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ሳይነጋ እንጦጦ ወጣሁ። ጠበል ቀዳሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ቁልቁለቱን እያረፍኩ ወረድኩ፤ የሺዓለምንም ቀና አድርጌ ደግፌ አጠጣኋት።

ወንድምዎ ደበሳይ
እሪ በከንቱ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.