ስለ ሁለቱ መርከቦች የተናገርኩት

ሰኞ
ወሰዱት። የቀበሌ ጠባቂዎች ባሌን ክንፈን ከሚያስተምርበት ክፍል አውጥተው፣ ተማሪዎቹ እያዩ አፉን በሰደፍ መትተው ወሰዱት። እኔ ከጎን ክፍል ፊዚክስ እያስተማርኩ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ደረጃው ላይ ደም አየሁ፤ አጠገቡ ጥርስ። አንስቼ በመሐረብ ቋጠርኩት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።

ጥፋቱ ትናንት በውይይት ክበብ የተናገረው ነው። ካድሬው ጓድ ታምራት ቀይ ባሕር አጠገብ ስለቆመችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሲያስረዳ፣ «ሰሞኑን ነዳጇ አልቆ ትሄዳለች። የሶቪየት ጓዶቻችን ተሸካሚዎች ግን በአቶም ስለሚሄዱ አይደክሙም» አለ። ባሌ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። እጁን አወጣ። «ተገልብጧል፣ ጓድ። በአቶም የምትሄደው ያቺ ናት፤ ነዳጅ ሳትቀዳ ዓመታት ትሄዳለች። በዘይት የሚሄዱት የሶቪየቶቹ ናቸው።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጨረሰን።

ማክሰኞ
ስንቅ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። እስረኞቹን ያጎሯቸው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጠባቂው ጋሽ ሰይድ ጎረቤታችን ነው። ሳህኑን ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየም። «አብሽሪ» አለኝ ብቻ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ጩኸት ይሰማል። የክንፈ ድምፅ መሆኑን ወዲያው አልለየሁትም፤ ከተጋባን ጀምሮ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን ይገርፉታል። ግርፊያው ሲቆም ውሃ ሲደፉበት ይሰማል። ከዚያ እንደገና። አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር። የያዝኩት እሾህ መሆኑን ያወቅኩት እጄ ሲደማ ነው።

ረቡዕ
ካድሬው አስጠራኝ። «ስለ መርከቧ ለባልሽ የነገርሽው አንቺ ነሽ?»
«እኔ ነኝ» አልኩ። ራት ላይ ያወራነው ነው፤ ምን ልበል?
በጥፊ መታኝ። ግድግዳው ላይ ወደቅኩ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። እሱ ተረጋግቶ ተቀመጠ። «ዓርብ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ስለ ሁለቱ መርከቦች ታስረጃለሽ፣ ባልሽንም ታጋልጫለሽ። ካልሆነ ወደ ደሴ እልከዋለሁ።»
ከዚህ ወደ ደሴ ከተላኩት የተመለሰ የለም።

ስወጣ ለሽንት ካወጧቸው እስረኞች አንዱ ሮጠ። ከኩታበር የመጣ ሸማኔ ነው አሉ። አጥሩን ሊዘል ሲል ጀርባውን በጥይት መቱት። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እግሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ጠባቂ ቀርቦ ደገመው። ጋሽ ሰይድ ይሁን ሌላ፣ ፊቱን አላየሁም። ማየትም አልፈለግኩም።

ሐሙስ
አማቴ ቄስ ወልዴ ከከላላ በበቅሎ ደረሱ። ካድሬውን ሊለምኑ ሄደው ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ጭቃ ላይ ጥለውባቸዋል። ደረታቸውንም በከስክስ ጫማ ረግጠዋቸዋል፤ ሲተነፍሱ ያማቸዋል።
«አባባ፣ ምን ልበል? ክንፈ ዋሸ ልበል?»
«ልጄን አውጪልኝ። ሌላውን እግዜር ያውቃል» አሉ።

እያሰብኩ ነው።
የዘይቷ፦ ነዳጅ የሚጭን ሌላ መርከብ ይከተላታል። የጭስ ማውጫዋ ቦታ ይፈጃል፣ ጭሱም አብራሪዎቹን ያስቸግራል። ግን ወጪዋ ይቀላል፣ ጥገናዋም።
የአቶሟ፦ ሳትቀዳ ሩቅ ትሄዳለች። ለራሷ ዘይት ስለማትይዝ ለአውሮፕላኖቹ ብዙ ትይዛለች። ግን እጅግ ውድ ናት። ለጥገና ከገባች ቶሎ አትወጣም። የሚፈሯት ወደቦች አያስገቧትም። አጃቢዎቿ ደግሞ አብዛኞቹ በዘይት ነው የሚሄዱት።
ሁለቱም ግን ውሃ አፍልተው በእንፋሎት ነው የሚንቀሳቀሱት።

ሳልዋሽ የምናገረው አለ። ለካድሬው ይበቃው ይሆን?

ዓርብ
አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ክንፈን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። መቆም አልቻለም፤ ወለሉ ላይ ጣሉት። አፉ አብጦ ሰው አይመስልም።

የአቶሟን እንከን ብቻ ተናገርኩ። ወጪዋን፣ ጥገናዋን፣ የማያስገቧትን ወደቦች፣ ዘይት የሚጠጡትን አጃቢዎቿን። ከአፌ አንድም ውሸት አልወጣም። ካድሬው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ ተነሳ።
«ስለዚህ ባልሽ ዋሽቷል?»
ክንፈ ከወለሉ ላይ ያየኛል።
«ጎደሎ ነው የተናገረው» አልኩ።
ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጎደሎ! ሰማችሁ?» አጨበጨበ። ሁሉም ተከትሎ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እሾህ የወጋኝ እጄ እንደገና ደማ።

ቅዳሜ
በቃሬዛ አመጡልኝ። ውስጥ እግሩ ተልጦ ሥጋው ይታያል። የቀኝ እግሩ ጣቶች ጠቁረዋል። በጨው ውሃ ሳጥበው ራሱን ሳተ። ሲነቃ መጀመሪያ የተናገረው፣ «ጎደሎ አልሽኝ» ነው።
«አዎ።»
«የአቶሟ ግን ትሻላለች።»
አፉን በእጄ ያዝኩት። ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ ተቀዶ ደማ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ መጣ። ከበሩ አልገባም። ካድሬው ንግግሬን ስለወደደው ወግዲ ወስዶ ሕዝብ ፊት ሊያስናግረኝ አስቧል፤ ክንፈን ደግሞ እግሩ ሲሻለው እንደገና ሊጠራው ነው አለኝ። «ነገ ገበያተኛው ሳይበዛ ውጡ። ኬላው ላይ እኔ ነኝ» አለ። ስለ ሸማኔው ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

እሁድ
ከላላ፣ አማቴ ቤት ነን። ክንፈን በቅሎዋ ላይ አስረን፣ ጋቢ አልብሰን አሳለፍነው። ኬላው ላይ ጋሽ ሰይድ ጀርባውን ሰጥቶን ሲጋራ ይለኩስ ነበር። መንገዱን ሁሉ ክንፈ ጋቢውን ነክሶ ነው የመጣው።

ወጌሻው አይቶታል። የቀኝ እግሩን ጣቶች ሲጫናቸው ክንፈ አልተሰማውም፤ ወጌሻው ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ካድሬው እዚህ ድረስ ሰው ይልክ እንደሆን አናውቅም። አባባ በሩ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

አሁን ጨርቁን ስቀይር የግራ እግሩን ጣት ነካሁት። «ቀስ» አለኝ።
ተሰምቶታል።