እማማ አስካለ በፈርዖን አገር ያለቀሱበት ቀን

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11። ክሊኒክ፣ የምሳ ሰዓት

ስቶኪንጉን ገዛሁ። እግር የሚያጠብቀውን፣ ለረጅም በረራ። ለእማማ። የራሴን ረሳሁ። ከጠዋት ጀምሮ ታካሚ ዲያሊሲስ፣ ኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ላይ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ አሁን ነው የተቀመጥኩት፤ እጄ ሳኒታይዘር ይሸታል።

ተናድጃለሁ። ገና ሳንሄድ። ዮናስ ትናንት የጉዞው ግሩፕ ቻት ላይ፣ አረጋውያኑን ሰብለ ትከታተላለች፣ ሜዲካል ስለሆነች፣ ብሎ ጽፏል። አልጠየቀኝም። ባሌ ነው እኮ። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ዞር ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ከግሩፑ ነው የሰማሁት። ሰው ሁሉ አውራ ጣት ልኮልኛል።

ጉዞው የቤ/ክ ነው። ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ተሰብስበን አንድ ሚኒባስ እንሞላለን። ዮናስ የቤ/ክ ሽማግሌ ስለሆነ መሪው እሱ ነው። ካይሮ፣ ሲና፣ አንድ ቀን ሉክሶር። እኔ የምሄደው ለሉክሶር ነው፤ ይሄን ላንቺ ለደብተሬ ብቻ ነው የምነግርሽ። ሰባተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፋችን ላይ የአንድ ንጉሥ መቃብር ጣሪያ ነበረ፣ ኮከብ በኮከብ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። መምህራችን ግን ሰማያዊ ነው አለችን። እስከ ዛሬ ያ ሰማያዊ ምን ዓይነት ሰማያዊ ይሆን እላለሁ።

እማማ አስካለ የዮናስ እናት ናቸው። ኤል ሴሪቶ፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ትንሹ ልጃቸው ታምራት አምና አዲስ አበባ ሞተ። ያኔ ግሪን ካርዳቸው አልመጣም፤ ለቀብር መሄድ አልቻሉም። መርዶውን ዮናስ ነገራቸው። እንዴት መሰለሽ? መኪና ውስጥ። 880 አውራ ጎዳና ላይ፣ እየነዳ። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው አይደለም። ታምራት ወደ ጌታ ሄዷል፣ እኛ ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም ብሎ መዝሙር ከፈተ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። እማማ ቤት እስክንደርስ ሻርፓቸውን ነክሰው ያዙት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ እንባ የለም። እንቅልፍም የለም። ሐኪሙ ፕሬዠር፣ የደም ግፊት ነው ይላል።

ግሪን ካርዱ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ እንውሰዳቸውና የልጃቸውን መቃብር ይዩ አልኩት።

«መቃብር ምን ያደርግላታል?» አለኝ።

ግብፅ ነው የሚወስዳቸው። ልብ በይ፣ ግብፅ!

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19። ሉክሶር፣ ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ፊደሌ ከተበላሸ በንዴት ስለምጽፍ ነው።

በጠዋት ዓባይን በጀልባ ተሻገርን። አስጎብኚያችን ሞና ትባላለች። አጭር ሴት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የማይደክም ምላስ። ፕሮግራሙን ነገረችን፦ የነገሥታቱ ሸለቆ፣ የንግሥቲቱ ቤተ መቅደስ፣ የባለሥልጣናቱ መቃብር፣ ከምሳ በኋላ ካርናክ። ልቤ ዘለለ። ሸለቆው በር ላይ ቆምን። ያኔ ዮ. ማይኩን ተቀበላት። (ከአሁን በኋላ ዮ. ብቻ ነው። ስሙን ሙሉውን ለመጻፍ አቅም የለኝም።)

ትናንት ማታ ሽማግሌዎቹ ከኦክላንድ ደውለውለት ነበር። የጣዖት ቦታ ነው፣ አንወርድም፣ መኪና ውስጥ ሆነን እንጸልያለን አለ። ከዚያ ወደ ሽቶ መሸጫ እንሄዳለን። ሽቶ መሸጫው ጣዖት የለበትም ማለት ነው። ደግሞ ጨመረ፦

«እኔና ቤቴ ተስማምተናል።»

ቤቱ ማን ናት? እኔ ነኝ። መቼ ተስማማሁ?

ይሄም ይሁን። ሞና ምን ሆናችሁ ብላ ስትጠይቀው በእንግሊዝኛ ሰዎቹ ደክሟቸዋል አላት። ለእኛ ጣዖት፣ ለሷ ድካም! ካመንክበት ንገራታ። እምነቱን አይደለም የጠላሁት፤ እኔም አማኝ ነኝ። ሙሴስ ያደገው የት ነው? ዮሴፍስ የማን ቤት ነበር ሹመቱ?

ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ለወራት ቆጥበው ነው የመጡት። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም።

እወርዳለሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት፣ ሆቴል

ወረድኩ።

«ሰብለ፣ ተቀመጪ» አለኝ። በማይኩ! ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። በሩን አስከፈትኩ። ከኋላዬ፣ ቆይ ልጄ፣ እጄን ያዢኝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው። ያን ስቶኪንግ አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የት ነው?»

«ሽንት ቤት» አሉት። ቅጥፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ከሰማኋቸው ውሸት ሁሉ የሚጥመኝ ይሄ ነው።

ሞና ከሁለታችን ጋር ንጉሡ መቃብር ገባች። ጣሪያው ሰማያዊ ነው። የማታ ሰማይ ከመጨለሙ በፊት ያለችው ቅጽበት ዓይነት፣ ኮከቦቹ ቢጫ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅኩትን ቀና ብዬ አየሁት፤ ግን ጆሮዬ ውስጥ ያ ማይክ ይጮኻል። ማየት አልቻልኩም። በንዴት ነው ያየሁት። ይሄንንም ቀማኝ።

ወደ መኪናው ተመለስን። ማንም አላናገረንም። አንዲት የሳን ሆዜ ሴት፣ ሮማን፣ ውሃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሞና ፕሮግራሙን አልሰርዝም፣ የሚወርድ ይውረድ፣ የማይወርድ ይቀመጥ አለች። የንግሥቲቱ ቤተ መቅደስ ደረጃው ለእማማ ስለሚበዛ ከታች ሆነን አየን። ቀጥሎ የአንድ ባለሥልጣን መቃብር። ንጉሥ አይደለም፣ ሹም ነው። ገባን።

ግድግዳው ላይ ሴቶች አሉ። ብዙ ናቸው፣ ተጠጋግተው፣ ነጠላ የመሰለ ስስ ልብስ ለብሰው። እጃቸው ሁሉ ወደ ላይ። መሐላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ። ፊታቸው ላይ እንባው በነጥብ በነጥብ ተስሏል። እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። አልነቃነቅ አሉ።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

ሞናን ጠየቅኳት። ሰውየው ሞቶ እያለቀሱለት ነው አለች። ነገርኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «እጃቸውን አላየሽም? እንዲህ ነው የሚያዝ።»

ከዘራውን ሰጡኝ። ሁለት እጃቸውን አነሡ። ልክ እንደነሱ። ከዚያ «ታምራቴ!» አሉ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴትዮ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ድንጋዩ ተቀብሎ መለሰው። ደረታቸውን መቱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሙሾ ያውቃሉ ለካ፤ እኛ ቤት ስንት ጊዜ ሲኖሩ ሰምቼ አላውቅም።

«መርዶህን በመንገድ፣ በመኪና ሰምቼ፣
የት ቁጭ ብዬ ላልቅስ፣ ሰው አገር መጥቼ።»

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ሞና በዓረብኛ አንድ ነገር አለችው፤ ሄዶ በሩ ላይ ቆመና የሚገባውን ሰው መለሰ። አንድ ጎብኚ ስልኩን አንሥቶ ሲቀርጽ አየሁት። እጁን ይዤ ወደ ታች ገፋሁት። ይቅርታ አላልኩትም።

እኔም አለቀስኩ። ታምራትን ሰርጌ ላይ ነው ያወቅኩት፤ ሚዜ ነበር።

ጩኸቱ ውጭ ተሰምቷል። ዮ. እየሮጠ ገባ። አንወርድም ያለው ሰውዬ! እናቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ መገሠጽ ጀመረ፤ እናቱን አይደለም፣ መንፈሱን። ክንዳቸውን ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። የእናቱን ክንድ። ነጠላቸው መሬት ወደቀ፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ካርናክ ቀረ። ሁሉም ወደ ሆቴል።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21። አውሮፕላን ውስጥ

ዮ. አያናግረኝም። ደግ አደረገ።

እማማ ከተነሣን ጀምሮ ተኝተዋል። አፋቸውን ከፍተው፣ እያንኮራፉ። ምግብ ሲመጣ አልቀሰቀስኳቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥተው የነበሩ ሰው። ዮ. ጎንበስ ብሎ አያቸውና፣ ይኸው፣ ራሳቸውን ስተዋል አለኝ። አልመለስኩለትም። ብመልስ አስተናጋጇ ትመጣ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 2። ከቤ/ክ መልስ

ቴሜስካል ያለው የቤ/ክ አዳራሽ ጢም ብሏል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። ማስታወቂያ ሲነገር የእማማ ስም ተጠራ። በግብፅ መቃብር አንድ ነገር ስለተጠጋቸው የሚቀጥለው እሑድ እጅ ተጭኖ ይጸለይላቸዋል። እኔ ደግሞ መሪን ስላልታዘዝኩ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማነው ያለው? ዮ. ነው፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር። አሁንም ሳይጠይቀኝ። አሁንም በማይክ።

ከጎናችን የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አየኋት።

መኪና ውስጥ እማማ፣ ምን አጥፍቼ ነው ልጄ ብለው ጠየቁት። ምንም እማዬ፣ ለጥቅምሽ ነው አላቸው። የዚያኑ ሻርፕ ጫፍ ያዙ። መስኮቱን ልሰብረው ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ሊዲያን ከትምህርት ቤት ሳመጣት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። አያቴ ላይ ለምንድነው የሚጸለየው አለችኝ። ስላለቀሱ አልኳት። ግራ ገባት።

«በት ማም፣ ዳድም እኮ ያለቅሳል። ጋራዥ ውስጥ።»

መቼ? ሁልጊዜ አለች። ልብስ ማጠቢያው ሲጮኽ። የአጎቷን ፎቶ ስልኩ ላይ ከፍቶ።

ሳን ፓብሎ መንገድ ላይ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ክላክስ ተነፋብኝ።

ምን ትጠብቂያለሽ? ልቤ እንዲራራ? አልራራም። ባሰብኝ! ለራሱ ፈቅዶ ለእናቱ ከለከለ። እሱ ጋራዥ አለው፤ እሳቸው ምን አላቸው? እሱ የሚጮኽለት ማጠቢያ አለው። እሳቸው የሚደበቁበት አጥተው የሞተ ሰው ቤት ሄደው አለቀሱ።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ጠየቅኩት። ፊቱ ተቀያየረ።

«እኔ መሪ ነኝ፣ ሰብለ። ሰው ያየኛል።»

«እናትህስ?»

ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደገፈ። ቀስ ብሎ፣ «እሷ ከጀመረች እኔ በምን አቆማለሁ?» አለ።

እና ለዚህ ነው? አንተ እንዳትሰበር ነው እሳቸው የታፈኑት? አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ወደ ጋራዥ አይደለም፤ አሁን እሱንም አሳጣሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ እንቀመጣለን። እዚሁ፣ ሳሎን። ሶፋው ይወጣል። ለሰዉ ስደውል ዋልኩ። ሁሉም፣ ውይ ማን ሞተ? ይላል። ታምራት። የትኛው ታምራት? የዮናስ ወንድም። አምና የሞተው? አዎ፣ አምና የሞተው። መርዶ አልተረዳም፣ አሁን ነው የምንረዳው። አንዳንዱ ሥራ አለብኝ አለ። አንዷ እጸልይበታለሁ ብላ ዘጋች። የሳን ሆዜዋ ሮማን ግን፣ ገና ሳልጨርስላት፣ ስንት ሰዓት ልምጣ አለች። እንጀራና ሽሮ ይዛ፣ ጎረቤቶቿን ጭና። እኔም እናቴን እንዲሁ በስልክ ነው ያጣኋት አለችኝ።

ለዮ. ነገርኩት። አልጠየቅኩትም፣ ነገርኩት። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ አለ። ይስሙ፤ አድራሻውን ያውቁታል አልኩት። እሑድ እናትህን ለማንም እጅ አልሰጥም፣ እኔም የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም አልኩት።

ለእማማ ስነግራቸው እጄን ሳሙኝ። ደነገጥኩ፤ እሳቸው እኔን! ሊከለክለን አይችልም ወይ አሉኝ። አይችልም አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ማርች 8። ከምሽቱ 12፡00

ዮ. በማለዳ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ሳን ሆዜ ሥራ አለኝ አለ። ቅዳሜ። ሂድ አልኩት።

መጡ። ይቀራሉ ያልኳቸው ሳይቀሩ መጡ። ቦርሳዋን የሳበችው ሴትዮ ራሷ፣ ጥቁር ለብሳ። ሮማን በሩን እንዳለፈች «ወንድሜ!» ብላ ጀመረችው። እማማ መሐል ላይ ተነሡ፣ እጃቸውን አነሡ። ስለ ታምራት ሁሉን ተናገሩ፦ ጥርሱን፣ ሣቁን፣ ቀይ ሹራቡን፣ ሲቆጣ በእግሩ መሬት የሚመታውን። አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን።

የጎን ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ፈረንጅ፣ ደንግጦ አንኳኳ። ሊዲያ ወጣች። አጎቴ ሞቶ ነው አለችው። መቼ? አምና። ትንሽ አሰበና ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን ለእንግዶቻችን ለቀቀ።

እማማ ከሰዓት በልተው ተኙ። ዕቃ እያጠብን ነው። ሮማን ገና አልሄደችም።

የዮ. መኪና መጥቷል። በመስኮት ይታየኛል። ሞተሩ አልጠፋም፣ እሱም አልወረደም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ግንባሩ እጁ ላይ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሊዲያ ልሂድለት ወይ አለችኝ። ተይው አልኳት።

ንዴቴ አልበረደልኝም። እዚህ ላይ ይጻፍልኝ። ያን ማይክ አልረሳውም፣ 880ን አልረሳውም።

ግን በሩ አልተቆለፈም። ሰው ሁሉ ሲገባበት ውሏል። ወጥቼ እጁን ይዤ አላስገባውም። ማልቀስ ከፈለገ ለቅሶው ያለው እዚህ ነው፤ እንደ ሰው በእግሩ ይግባ።