የመካኒክ «ጆሮ» ሕይወትና የሁለት መቶ ሃምሳው ሞተር

በሰፈሩ ሰው ዘንድ «ጆሮ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት መካኒክ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው የካቲት 3 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው የተወለደው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ዓይናቸውን ሲታመሙና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው፣ እሳቸው ደብተራቸውን ዘግተው ጋራዥ ተቀጠሩ። የታናሽ ወንድማቸውን ጫማና ደብተር የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ይህ አይካድም።

በ1973 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ሞተር ሳይፈቱ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ሕመሙን ይናገሩ ነበር፤ ቅጽል ስማቸው ከዚህ መጣ። የሰው ድምፅ ግን እምብዛም አይሰሙም ነበር። በ1976 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በ1981 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ፖስታ አዳይ ነበር። መቶ ሃያ አምስት ሲሲ ሞተር ሳይክሉ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣ ነበር። እሳቸውም «የጆሮ ወንድም በአህያ ይሄዳል እየተባለ ስሜ ጠፋ» ብለው ሞተሩን አወረዱት። ከተሰባበረ ሞተር ሳይክል ላይ የሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር አምጥተው፣ መያዣውን ቆርጠው በየዱ፤ ሰንሰለቱን ቀየሩ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። እጃቸው እንከን አይወጣለትም ነበር። አሮጌው ባለ ገመድ ፍሬን ግን እንዳለ ቀረ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑስ? ይህን ሞተር ይችለዋል?» አላቸው ታናሽ ወንድማቸው።

«ፍሬን ለፈሪ ነው። ይልቅ ውጣበት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉት።

እውነትም የሰፈሩ ሰው ጋራዡ ደጅ ተሰብስቦ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ወጣበት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ሲይዝ ገመዱ ተበጠሰ፤ ያቆመው የወፍጮ ቤቱ ግንብ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት መጥተው አልጋው ራስጌ ቆሙና «አይዞህ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም» አሉት። ከዚያ በኋላ በሰርግም በለቅሶም፣ ሰው በጠየቀ ቁጥር፣ «መሪ መያዝ አያውቅም ነበር» ሲሉ ኖሩ።

በዚያው ዓመት ሞተሩን ፈትተው ለራሳቸው ሞተር ሳይክል ገጠሙት። ከመግጠማቸው በፊት ግን የፊት ፍሬኑን ገመድ በሌለው ጠንካራ ዲስክ ፍሬን ቀየሩ። ታናሽ ወንድማቸው ክራንቹን ተደግፎ ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ አየ። እሳቸውም ማየቱን አዩ። አስራ አንድ ዓመት ነዱት፤ አንድም ቀን አልወደቁም።

በ2015 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ለአራት ወራት አልጋ ያዙ። ባለቤታቸው ሲደክሙ ታናሽ ወንድማቸው በየቀኑ ከሰዓት እየመጣ ያጎርሳቸው፣ ያጥባቸው ነበር። አንድ ቀን ጢማቸውን እየላጨ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ ፍሬኑ እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱ። «አውቅ ነበር። አንተ እኮ መቼም እምቢ ብለኸኝ አታውቅም። በል ቶሎ ጨርስ፣ ሳሙናው ደረቀብኝ።»

ታናሽ ወንድማቸው የቀረውን ግማሽ ፊታቸውን ላጭቶ ጨረሰ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ግንቦት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ባለቤታቸው «የሞተ አይወቀስም፣ ደግ ደጉን ጻፍ» ብለውት ነበር። ታናሽ ወንድማቸው የሚያውቀውን ጽፏል።

ምሕረት የፈጣሪ ናትና ነፍሳቸውን ይማር። ከታናሽ ወንድማቸው ምሕረት የምትጠብቁ ካላችሁ ግን፣ እሳቸው አልጠየቁም።