የኪቦርድህን ጩኸት ስለመቀነስ

ጌታው፣

እናትህ ከመንገድ ደክመው ስለመጡ አልጋዬን ለቅቄላቸው እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ተኝተዋል። አደራ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው።

ስትጽፍ ኮምፒውተርህ ጢጥ ጢጥ የሚያሰማውን የኪቦርድ ድምፅ የመጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጌዋለሁ። በር ስጠብቅ አድሬ ቀን ልተኛ ስል፣ ስንቴ «ቀንስልኝ» ብዬ ለመንኩህ? «ካልጮኸ የጻፍኩ አይመስለኝም» አልከኝ።

የጀመርከውን ትርጉም ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽፈህ ታስረክባለህ አይደል?

መቀነስ ከፈለግህ ኮምፒውተሩ ላይ «ድምፅ» የሚለው ውስጥ ግባና የግራ ቀስቷን ደጋግመህ ተጫን። እሷም በነካሃት ቁጥር ትጮሃለች። ማውሱን ይዤው ሄጃለሁ።

ፔርሙስ ውስጥ ሻይ አለ። ለእሳቸው ነው።

ሲነቁ ይቅርታ በልልኝ። እኔን ይቅርታ ብለኸኝ ስለማታውቅ፣ በዚያው አፍህን ታሟሻለህ።