የመዝገብ ቁጥር 214 ፎቶ

የካቲት 4፣ 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት

እስከ ቁ. 213 አለቀ። እኔ የዕቃ ካርድ አነባለሁ፣ ትርሓስ ፎቶ አንስታ ኮምፒውተር ላይ ትጭናለች። አቦይ ሓጎስ ሣጥን ያመጣሉ፣ ሣጥን ይመልሳሉ። የሙዚየሙ ግምጃ ቤት ቁልፍ አንድ ነው፣ ከአንገታቸው አይወርድም። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ።

አዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ ግትር ነው። ፎቶ ካልገባ ቀጣዩን ቁጥር አይከፍትም። ሥራ አስኪያጁ ግን ወዶታል። ሰው ቤቱ ሆኖ ቅርሱን በስልኩ ያያል፣ ወዶ መቀሌ ድረስ ይመጣል፣ ዕቃው ደግሞ የሰው እጅ ሳይበዛበት ይቆያል ይላል።

ቁ. 214። የእጅ መስቀል፣ ብር። ከሐውዜን ወዲያ ያለ ደብር በአደራ ያስቀመጠው። ሣጥኑን ከፈትኩ። ጥጥ። ጥጡን አነሳሁ። ከሥሩ ሌላ ጥጥ።

ትርሓስ ካሜራ እንደያዘች ቆማለች። "ምነው ፈዘዝክ?" ብሩ መጠረግ አለበት፣ ሌላ ቀን ይነሳ አልኳት። ክዳኑን ገጠምኩ። አቦይ ሓጎስ ከሻይ ተመለሱ፣ ባዶውን ሣጥን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወሰዱት።

የዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

የቆጠራ ቅጾቹን አወጣሁ። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ቅጽ። በስድስቱም ቁ. 214 ትይዩ "ታይቷል" ይላል። ፊርማው የእኔ።

ደብተሬ፣ አንቺን አልዋሽሽም። አንድም ሣጥን ከፍቼ አላውቅም። የአምናውን ቅጽ አጠገቤ አድርጌ ገለበጥኩ። ሥራውን ያስረከበኝ ሰውዬም እንደዚያ ነው ያሳየኝ። የበጀት ዓመት ሲዘጋ ማን ጥጥ ሲገልጥ ይውላል!

አቦይ ሓጎስ ቁልፉን ከቀድሞው ኃላፊ የተረከቡት በመጀመሪያው ቆጠራዬ ነው። ያን ቀን መስቀሉ ነበር? አላውቅም። የሚያውቅ የለም።

የካቲት 6

ትርሓስ እናቷን ይዛ ዓይደር ሆስፒታል ሄዳለች።

ሓወልቲ ጋ ካለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አንድ መስቀል ተዋስኩ። ቅርጹ ካርዱ ላይ እንዳለው ነው። ባለሱቋ ሳቀችብኝ፦ "በዚህ ዕድሜህ ልትቀስስ ነው? ሚስትህ ሰምታለች?" እኔም ሳቅኩ።

ሣጥኑን ለይምሰል አስመጣሁ፣ አልከፈትኩም። የተዋስኩትን መስቀል ራሴ አነሳሁ፣ ራሴ ጫንኩ። መዝገቡ ተቀበለ። ቁ. 215 ተከፈተ። መስቀሉን ከ6 ሰዓት በፊት መለስኩ። ዋናውን ቀስ ብዬ እፈልጋለሁ ብያለሁ። የት እንደምፈልግ ግን አላውቅም።

የካቲት 18

ድረ ገጹ ተከፈተ። እንግዶች፣ ለስላሳ፣ ጭብጨባ። ቁ. 214ን በስልኬ አየሁት። ከሁሉም ፎቶዎች እሱ ያምራል።

የካቲት 25

አንድ መሪጌታ መጡ። ከዚያው ደብር ናቸው። ከመናኸሪያ በቀጥታ ነው የመጡት፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ። ፎቶው አገራቸው ገበያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል።

አይጮኹም። መጮህ ይሻል ነበር። "ይሄ የኛ አይደለም። የኛው አንድ ክንዱ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነው። ስንሰጣችሁ ሰባራ ነበር። እናንተ ጋ ዳነ እንዴ?"

ካርዱ ላይ ስብራት የሚል የለም። የጻፈውም አላየውም ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሣጥኑን አስከፈተ። ጥጥ። ሁሉም ዞሮ አቦይ ሓጎስን አየ። እሳቸው ጥጡን ያያሉ። እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ይዟል።

የካቲት 26

ኮሚቴ ተቋቋመ። ፎቶውን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቁኝ። ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት አልኩ። አፌ ከእኔ ቀደመ።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ሆነላቸው። መስቀሉ አምና ሰኔ ታይቷል፣ ፊርማ አለ። ዘንድሮ በሌላ ተለወጠ፣ ሌላውም ጠፋ። ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ነው። ሰኞ ውሳኔ ይሰጣሉ፣ ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል። ጡረታውም በዚያው ይታገዳል እየተባለ ነው።

የካቲት 28

አቦይ ሓጎስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። በሁለት ቀን ጉንጫቸው ጎድጉዷል። "ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ በሰኔ አይተኸው የለም? ፊርማህ አለ። እንደነበረ ንገራቸው። ያድነኛል።"

የሚያሳስራቸው ያ ፊርማ መሆኑ አልገባቸውም። እሺ፣ ለኮሚቴው እነግራለሁ አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ትርሓስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆና ሰምታለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ "ሣጥኑን ስትከፍት አጠገብህ ነበርኩ እኮ። እኔ ያየሁት ጥጥ ነው።"

ለምን እስካሁን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። "ራስህ ትናገራለህ ብዬ። እኔ በሰው ላይ አላሳብቅም። ሽማግሌውን ፖሊስ ከወሰዳቸው ግን አንተ ካለህበት ክፍል አልቀመጥም።" ተነስታ መስኮት ከፈተች። ብርድ ነበር፣ ዝጊው አላልኳትም።

የካቲት 29፣ ከቀኑ 11፡30

ከሥራ ስንወጣ አቦይ ሓጎስን ተከተልኩ። ቤታቸው ወደ እንዳ ኢየሱስ ሲወጣ ነው። ዳገቱ ላይ ደረስኩባቸውና ነገርኳቸው። ቅጾቹን፣ የተዋስኩትን መስቀል፣ ለኮሚቴው ያልኩትን። ሳላሳጥር።

ቆሙ። "ስድስቱንም ዓመት?"

ስድስቱንም።

"ከሥር እኔም ፈርሜያለሁ እኮ። አንተ አየህ ብዬ ነው የፈረምኩ።"

እኔም ሣጥኑ በእሳቸው እጅ ነው ብዬ ነበር የፈረምኩት። አላልኩም። ተማሪዎች መጽሐፍ አቅፈው እየሳቁ በመካከላችን አለፉ።

ሰኞ ለኮሚቴው እናገራለሁ አልኩ። "እሱን ሰኞ እናየዋለን" ብለው ዳገቱን ቀጠሉ። እጄን ዘርግቼ ነበር። አልጨበጡኝም።

መጋቢት 2፣ ሰኞ። 2፡40

ኮሚቴው ገብቷል። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። አቦይ ሓጎስ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ሴት ልጃቸው። እሳቸው ወለሉን፣ ልጅቱ እኔን ታያለች።

አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። አንደኛ፣ ቁ. 214ን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ መቼ እንደጠፋ ከቅጾቼ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ፎቶው ከሱቅ የተዋስኩት መስቀል ነው። ከሥር ምክንያት ጨመርኩ። ሰረዝኩ። እንደገና ጨመርኩ፣ እንደገና ሰረዝኩ። ገጹ በሁለት ነጥብ ቀረ።

ከሥራ ያሰናብቱኛል። ወደ ፖሊስ የምሄደውም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለባለቤቴ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ቁርሴን አልበላሁም፣ እሷም ብላ አላለችኝም።

በሩ ተከፈተ። የጠሩት አቦይ ሓጎስን ነው። ሊነሱ ጉልበታቸውን ያዙ። እኔ ቀድሜ ቆምኩ። ደብተሬ፣ አንቺንም ይዤሽ እገባለሁ። ቃሌን ካላመኑኝ ያንብቡሽ።