የብርጓል ትቆይ

ውድ ዘሪቱ፣

መንገዱ ሲከፈት ይህን ደብዳቤ ወዳለሽበት ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣው የመጀመሪያ ሹፌር እሰጠዋለሁ። እስከዚያው የምጽፍልሽ እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ስልክ የለም፣ ተኩሱ አንድ ቀን ከሩቅ፣ አንድ ቀን ከጓሮ ይሰማል። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ። አክስቴ ብቻ የሴት መንፈስ አድሮብሃል ብላኛለች።

ጣጣው የመጣው አንቺ ካስተማርሽን ጨዋታ ነው። ኔት የጠፋ ሰሞን የአክስቴን ጠረጴዛ ከበን፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን፣ የሚገጥመውን በሉዶ ዳይስ እየወሰንን፣ በዚያ ሰው አፍ ስንናገር እንውል ነበር። አንቺ ሙላት የሚባል ጠመንጃ አንጋች ሆንሽ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጀግኖቹ ሁሉ ተወስደው ነበርና የብርጓል የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የሲራራ ነጋዴ ሆንኩ። ለቀልድ ነበር። "የታሪክ መምህሩ ቀሚስ ለበሰ፤ ደብረ ማርቆስ ጉድሽን ስሚ" ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ያጠመደኝ አንቺ ያወጣሽው ሕግ ነው፦ "ፈራሁ" ያለ ሰው ዳይሱን ደግሞ ይጥላል። ቀላል ሕግ። ግን የእኛ ጀግኖች ገደል ሲገቡም፣ ጅብ ሲበላቸውም ቃሏን አልተነፈሷትም። የብርጓል ግን በየዳገቱ "ኧረ እኔስ ፈራሁ" ትላለች፣ ደግማ ትጥላለች፣ በቅሎዎቿን ይዛ በሰላም ታድራለች። አንቺ እንኳ ሙላትን ወንዝ ሲወስደው ዝም አልሽ። ምነው ብልሽ፣ "እንጃ፤ ወንድ ሆኜ ስቀመጥ ቃሉ አልወጣ አለኝ" አልሽኝ። እኔን ደግሞ ሴት ሆኜ ስቀመጥ ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ። ጎጃም ተወልጄ ያቺን ቃል ያልኩበት አፍ ቢኖር የእሷ ብቻ ነው።

ሙላትን ወንዙ ዳር "አትሂድ" ያለችውም እሷ ናት። አንቺ ስትሄጂ ግን እኔ ነበርኩ፤ ሻንጣሽን መናኸሪያ አድርሼ "በሰላም ግቢ" አልኩሽ።

ከሄድሽ በኋላ ሌሎቹም ተበተኑ፤ ብቻዬን መጫወት ጀመርኩ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ተኩሱ ቀረበ። በሬን ዘግቼ፣ ዳይሱን ጨብጬ፣ በየብርጓል ድምፅ "ፈራሁ እናቴ፣ ፈራሁ" እላለሁ። ከደጅ "ማነሽ?" የሚል የአክስቴ ድምፅ መጣ። ደነገጥኩና ድምፄን ሳልቀይር "የብርጓል ነኝ" አልኩ።

አስቢው እስቲ። አክስቴ አመተ ማርያም ጠበል ቦታ አጥማቂው በመስቀሉ እየዳበሰ "ማነሽ?" ሲል፣ ጎረምሳ በሴት ድምፅ ስም ሲናገር እያየች ያረጀች ሴት ናት። እሷም እንደ ወጉ ጠየቀች፣ እኔም እንደ ወጉ መለስኩ።

በሩን ስከፍት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። "እሑድ ጠበል ትገባለህ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ" አለችኝ። ላስረዳት ፈለግሁና መጀመሪያ በልቤ ሞከርኩት፦ "እቴቴ፣ መንፈስ እኮ አይደለም፤ ዳይስ እየጣልኩ የሌለች ሴት እጠራና በአፌ ትናገራለች።" ከመንፈሱ የባሰ ሆነብኝ፤ ተውኩት።

ያስፈራኝ ውኃው አልነበረም፤ ምንም እንኳ በዚህ ብርድ የማለዳ ጠበል መንፈስና ባለቤቱን ባይለይም። ያስፈራኝ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ "ማነህ?" ስባል የትኛው ስም ከአፌ እንደሚወጣ አለማወቄ ነው።

ዓርብ ከሰዓት አክስቴ በሬን ገፋ አድርጋ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"የብርጓል" አለች። "አሉ?"

ከተወለድኩ ጀምሮ "አንተ" ስትለኝ የኖረች ሴት እርስዎ አለችኝ።

"ላስወጣዎ አይደለም የመጣሁ፤ እሱ እሑድ ነው። ለጥያቄ ነው። እናንተ የማይታየውን ታያላችሁ ይባላል። ደመላሽ የሚባል ልጅ አለኝ። ሰው ላድርስ ብሎ ባጃጁን ይዞ ወደ ደብረ ኤልያስ እንደወጣ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አይሠራ። ልጄ በሕይወት አለ?"

ዘሪቱ፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። "አለ" ብላት ታምነኛለች። "የለም" የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ከአፌ የወጣው የብርጓል የምታውቀው ብቸኛ ቃል ነበር።

"እኔ እንጃ፣ እቴቴ። እኔም ፈርቻለሁ።"

ነጠላዋን ፈታች፣ መልሳ ለበሰች።

"እኔም" አለች። "እኔም ፈራሁ። ለማን ልንገር? ያደሩበት እንዳላማው እንደሁ ወንድ ነው፤ ምን ያውቃል።"

ልትወጣ ስትል ከበሩ ዞረች። "ጠበሉ ይቆይ። ደመላሽ እስኪመጣ ይቀመጡ፤ ቤቱ ቤትዎ ነው።"

እሑድ አለፈ። አሁን በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች። ፍርሃቷን ለየብርጓል ታራግፍና፣ ማታ ለእኔ ራት እያቀረበች "አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?" ትለኛለች። እኔም አጎንብሼ እጎርሳለሁ። ደመላሽ ከመጣ የብርጓል ትባረራለች። ካልመጣ ደግሞ አክስቴ ልጇን ከአንዲት ከሌለች ሴት ጋር ስታለቅስ ልትኖር ነው፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። ጠበሉን ከፈራሁት ይልቅ ይህን ፈራሁ።

ስለዚህ ዛሬ በራሴ ድምፅ ልነግራት ነው። ታባርረኝ ይሆናል፤ አጥማቂ ትጠራብኝም ይሆናል። አስቀድሜ ባንቺ ልለማመድ፦ ዘሪቱ፣ መናኸሪያ ላይ ልልሽ የፈለግሁት "አትሂጂ" ነበር። መንገዱ ሲከፈት ነይ።

እግሯ ደጅ ላይ ይሰማኛል። እንደ ልማዷ "አሉ?" ልትል ነው። የምመልስላት ይኸውልሽ፦

አለሁ። እኔ ነኝ፣ እኔም ፈርቻለሁ፣

እንዳላማው