በለጡ ስኳር የጨመረችበት ወይን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2001
ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ከአራት ቀን ሆነኝ። ከዚህ የወደብ ከተማ ገበያ፣ ከቡላኦስ፣ ቀለምና ወረቀት ገዝቼ ተመለስኩ። ሙቀቱ ጋብ ብሏል። የጭነት መኪና የሚነዳው ጌቾ ብቅ አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። ለእኅቴ ለበለጡ የምልከው እንዳለ ጠየቀኝ። ላስብበት አልኩት።

ደብዳቤ መጻፍ ካቆመችልኝ ሁለት ዓመት ሆነ። በልጇ ሠርግ ከዚህ ይዤላት የሄድኩትን፣ ጣፋጭነት የሌለውን የፈረንሳይ ደረቅ ወይን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ስኳር ጨመረችበት። እኔም በእንግዳ ፊት፣ ጣዕም ለማያውቅ ሰው ወይን ማምጣት ልፋት ነው አልኩ። «ከእንግዲህ አትልፋ፣ ወንድምጋሼ» ብላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ጣፋጭ ልላክላት? የትኛውን? ስለ ደረቁ አርባ ዓመት አውርቻለሁ፤ ስለ ጣፋጩ አንዳች አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ለጎረቤቴ ለፀዳል የዕረፍት ቀኗ ነው። በፈረንሳዮች ቤት ስድስት ዓመት ገበታ አቅርባለች፤ ጠርቼ የሠርጉን ነገር ነገርኳትና አማክሪኝ አልኳት። ሦስት ጣፋጭ ወይኖች ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። በዚህ ከተማ ወይን ሳይቀዘቅዝ ማን ይጠጣል? አንደኛው ውሃ ውሃ አለኝ። ሦስተኛው ኮመጠጠኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ፀዳል፣ እኅትዎ ቀዝቃዛ ይጠጣሉ ወይ አለችኝ። አትጠጣም፤ ጉሮሮዋን ያማታል።

«እንግዲያ ይታገሡ ጋሼ። ቅዝቃዜ ስኳሩን ይደብቃል።»

ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ትተን ስለ ማዳሟ አወራን። ከኬክ ጋር የሚጠጣ ወይን ከኬኩ የበለጠ ካልጣፈጠ ይኮመጥጣል ትላለች አሉ። ለካ እንዲህ ነው?

ከሰዓት በኋላ ደግመን ቀመስን። የመረጥኩት የሳል ሽሮፕ ሆኖ ምላሴ ላይ ተለጠፈ። ያ የኮመጠጠኝ ሦስተኛው ግን... ማር! ከሥሩ ትንሽ ሎሚ ያለበት ማር። እንዴት አንድ ጠርሙስ ሁለት ወይን ይሆናል?

ፀዳል ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። «ለመሆኑ እኅትዎ እንዳደረጉት ደረቁን ስኳር ጨምረው ቀምሰውት ያውቃሉ?»

አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጀመርኩ። ስለ ወይኑ ሁለት ገጽ፤ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ጌቾ ዛሬ ይነሣል። ጠዋት ከመደርደሪያዬ ደረቁን ወይን አወረድኩ። ሳላቀዘቅዝ ቀዳሁ። አንድ ማንኪያ ስኳር... አማሰልኩ፤ ማንም እንዳያየኝ መስኮቱን ጭምር ዘግቼ። ጠጣሁ። እናታችን ብርዝ በጥብጣ ስትጨርስ ከበለጡ ጋር የምንሻማበት ማንኪያ ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ የምነጥቃት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ማንኪያ ጨመርኩ።

የጻፍኩትን ሁሉ ቀድጄ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦ «በለጡ፣ በሠርጉ የተናገርኩት ነውር ነበር። ደረቁን ወይን እንዳንቺ ስኳር ጨምሬ ቀመስኩት፤ ጣፈጠኝ። ይህ የላክኩልሽ ወይን ስኳር የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ካስፈለገሽ ግን ጨምሪበት። ወንድምጋሼ።»

ከሦስተኛው ጣፋጭ ወይን ያልተከፈተ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ካርቶኑን በእጄ አሽጌ በጌቾ ልኬዋለሁ።